ደባልቄ ሲሚንቶና የዙምባራው ሐውልት

አሶሳ ውስጥ ጥበብ የሚሠሩ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ፤ ስለ ጥበብ የሚሟገቱት ግን ክረምት ላይ እንደሚፈላ ምስጥ ናቸው። አንዱ ስብሰባ አልቆ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይጠራል። "ጥበብ ለልማት"፣ "ጥበብ ለሰላም"፣ "ጥበብ ለቱሪዝም" የሚሉት ባነሮች ከአንዱ አዳራሽ ወርደው ሌላው አዳራሽ ይሰቀላሉ፤ ጥበቡ ራሱ የት እንዳለ የጠየቀ ግን እስካሁን አልተገኘም። ደባልቄ በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። እሱ ሲሚንቶ አቡኪ ነው። ከተማው የሚያውቀውም ደባልቄ ሲሚንቶ ብሎ ነው።

ወደዚህ አገር የመጣው በ1977 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ወሎ በድርቅ ስትቃጠል መንግሥት ወላጆቹን በአውቶቡስ ጭኖ አመጣና ከአሶሳ አጠገብ፣ ስም ሳይኖረው ቁጥር ብቻ በተሰጠው የሠፈራ መንደር አራገፋቸው። አባቱ ማሽላና በቆሎ ዘሩ። ደባልቄ ግን እርሻ እምቢ አለው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ከአንድ ግንበኛ ጋር ከተማ ገባና እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሠራው የበረንዳ ቋሚ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመቃብር ድንጋይ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ስም ከመቃብር በላይ ሲያውል ኖረ። የራሱ ስም ያለው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ተፋፍቆ አይነበብም።

አንድ ጊዜ ከገንዳና ከመቃብር ወጣ ያለ ሥራ አግኝቶ ነበር። ከወለጋ የመጣው ባለሆቴል ሂርጳ፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ለከፈተው ሆቴል በር የሲሚንቶ አንበሳ አዘዘው። ደባልቄ በሕይወቱ አንበሳ አላየም፤ ያየው ውሻ ነው። ጋማ አለበሰው፣ ጅራቱን አቆመው፣ አፉን በለቀጠው፤ ምን ያደርጋል፣ ውሻነቱ ከውስጥ ገፍቶ ወጣ። የባጃጅ ሾፌሮች በሳምንቱ "ውሻው ጋ ወራጅ አለ?" ማለት ጀመሩ። ሂርጳ በንዴት ሊያስፈርሰው ከተነሳ በኋላ፣ ሆቴሉ በከተማው ሁሉ የታወቀው በውሻው መሆኑን ሲያይ ተወው። ያፈረው ደባልቄ ነው። በዚያ መንገድ ላለማለፍ ዓመት ሙሉ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ሚስቱ ብዙወርቅ "ምናለበት፣ ቢያንስ በር ይጠብቃል" እያለች ልታስቀው ብትሞክር እሱ አልሳቀም። ሰው ቆሞ የሚያየው፣ ስሜም የተጻፈበት አንድ ሥራ ሳልሠራ አልሞትም የሚል ምኞት የገባበት ያኔ ነው። ምኞቱ ክፉ አልነበረም። ያበላሸው በኋላ የከፈለለት ዋጋ ነው።

አጥር የሚጋሩት ጎረቤቱ አያ ባበክር ይባላሉ። መንጌ የተወለዱ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ በልጅነታቸው ወርቅ ሲያጥቡ አድገው፣ አሁን ከጓሯቸው ማንጎ እየለቀሙ ይሸጣሉ። የዙምባራ ነፊዎችም አለቃ ናቸው። ዙምባራ በረጃጅም ቅል የሚሠራ መለከት ነው፤ ትልቁ ከሰው ቁመት አይተናነስም። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማው የሚወጣው አሥራ ሁለት ሰዎች ክብ ሠርተው፣ እየተረማመዱ፣ እያንዳንዱ የራሱን አንድ ድምፅ በተራው ጣል ሲያደርግ ነው። እህል ከገባ በኋላ፣ ከገበያው በላይ ሁለት ትልልቅ ማንጎዎች ባሉበት ሜዳ ላይ አመሻሽ ላይ ይነፋሉ፤ ከተማውም ሥራውን ፈትቶ ዳር ዳሩን ይቆማል።

ደባልቄ ይህን የሚያውቀው ቆሞ በማየት ብቻ አይደለም። አንድ ዓመት ከነፊዎቹ አንዱን ወባ ጣለውና አያ ባበክር መለከቱን ለእሱ ሰጡት። አንድ ድምፅ፣ ምን ይከብዳል ብሎ ገባ። መለከቱን ቁልቁል እያየ ሲነፋ ዜማውን ሁሉ አበላሸው። አያ ባበክር አልተቆጡም። "መለከት አትይ። ፊት ለፊት ያለ ሰው ደረት እይ። እሱ ሲተነፍስ፣ አንተ ንፋ" አሉት። እንዳሉት አደረገ፤ ሜዳውን አሻግሮ፣ ከማዶ ያለውን የሒሳብ አስተማሪ የሐሩንን ደረት እያየ ነፋ። ያኔ ዜማው ቀጥ ብሎ ሄደ። ዙምባራ ነፊ በዓይኑ ነው የሚሰማው። መሐሉ ባዶ ካልሆነ ዙምባራ የለም።

አሁን ወደ ጉደኛው መድረክ እንምጣ። "የአሶሳ የጥበብ ተሟጋቾች መድረክ" ይባላል፤ ሰብሳቢው እዩኤል ነው። እዩኤል በሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጋር ሦስት ወር የሥዕል ሥልጠና አስተባብሮ ነበር። ከሥዕሎቹ አንድ እንኳ አልተረፈም፤ እዩኤል ላይ ግን በአሶሳ ሙቀት የማይወልቅ የአንገት ልብስና "ሕዝባዊ ጥበብ" የሚል ቃል ተረፈ። ያንን ቃል ሰላምታ ሲሰጥ ሳይቀር ይጨምረዋል። መድረኩ ውስጥ ጡረታ የወጣ ርእሰ መምህር አለ፣ የግጥም ደብተር ይዞ የሚዞር ነጋዴ አለ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ስርጉት የምትባል ጸሐፊ አለች። ዙምባራ የሚነፋ ሰው የለም። ለምን የለም ተብሎም አልተጠየቀም፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አይደል ነገሩ?

መድረኩ ለከተማው ሐውልት እንዲቆም ተሟገተና ተፈቀደለት። የዙምባራ ሐውልት። በሲሚንቶ ሊሠራ የሚችል ሰው ሲፈለግ ከደባልቄ ሌላ አልተገኘምና ተጠራ። ኮቱን ለብሶ ሄዶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

"አርቲስት ደባልቄ፣ ወደ ፊት ይምጡ እንጂ!" አለ እዩኤል።

አርቲስት። በአርባ ስምንት ዓመቱ አንድ ሰው አርቲስት አለው። ጆሮው ድረስ ጋለ። ተነስቶ ወደ ፊት ሲሄድ እግሩ የሌላ ሰው እግር መሰለው። እዩኤልም ጨመረበት፦ ሐውልቱ ሥር እብነ በረድ ይለጠፋል፤ እብነ በረዱ ላይ የመድረኩ አባላት ስም ይጻፋል፤ ከሁሉም በላይ፣ በትልቁ፣ የአርቲስቱ ስም ይቀረጻል። ደባልቄ ከዚያ በኋላ የተባለውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማው።

የተባለው እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ነፊ ማቆም ብዙ ነው ተባለና ወደ ስድስት ወረደ። ስድስቱ ወደ ሦስት፣ ሦስቱ ወደ አንድ ወረዱ። አንድ ሰው ብቻውን ዙምባራ ሲነፋ! በርታዎች ዘንድ ብቻውን የሚነፋ ሰው ወይ መለከቱን እየሞከረ ነው፣ ወይ አእምሮው ተነክቷል። ቀጥሎ የሐውልቱ ፊት ወዴት ይዙር የሚል ክርክር ተነሳና ሁለት ሰዓት ፈጀ። ወደ ከተማው አስተዳደር ቢሮ ይዙር ያለ አለ፣ ወደ ገበያው ያለ አለ፤ በመጨረሻ እንግዶች ወደሚመጡበት መንገድ ይዙር ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። የት ይቁም የሚለው ግን አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

"ከገበያው በላይ ያለው ሜዳ፣ እምብርቱ ላይ" አለ እዩኤል። "ነፊዎቹ ሐውልቱን እየዞሩ ይጫወታሉ። እስቲ አስቡት! ሕያው ጥበብ ዘላለማዊውን ጥበብ ሲዞር!"

ተጨበጨበ። ነጋዴው ገጣሚ ዓይኑን ጨፈነ። ደባልቄም ከሰው ላለማነስ አጨበጨበ፤ ነገሩ የገባው ከአዳራሹ ወጥቶ መንገድ ላይ ነው። አራት ሜትር ሲሚንቶ፣ ሦስት ሜትር መሠረት፣ ክቡ መሐል። ማን የማንን ደረት ሊያይ?

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አያ ባበክር መጥተው አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

"ብዙወርቅ ደህና ነው?" አሉ መጀመሪያ።

"ደህና ናት፣ አያ ባበክር። እርስዎስ?"

"አልሐምዱሊላህ። ደባልቄ፣ ሐውልት ትሠራለህ አሉ። ጥሩ ነው፣ ሥራ። ግን መሐል አይሆንም። መሐል ከሆነ እኛ አንተያይም። አንተ ነፍተሃል፣ ታውቃለህ። እነሱ አያውቅም። አንተ ንገር። አሥር እርምጃ ወዲህ፣ ማንጎ ጎን ያቁሙት፣ ኻላስ። ሌላ ነገር አንፈልግም።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"ወላሂ?"

"በማርያም እነግራቸዋለሁ።"

አሥር እርምጃ። አንድ ሰው ሊጠይቀው ከሚችለው ነገር ሁሉ ይህ ያነሰ ነው። ደባልቄ ሌሊቱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰናዳ አድሮ ወደ ሁለተኛው ስብሰባ ሄደ። እጁን አወጣ። ዙምባራ እንዴት እንደሚነፋ፣ ደረት መተያየት እንዳለበት፣ አሥር እርምጃ ብቻ ወደ ማንጎው ቢጠጋ ችግሩ ሁሉ እንደሚያበቃ ተናገረ። መናገሩን እንደ ወንድ ተናገረ፤ ይህን አንነፍገውም።

እዩኤል የአንገት ልብሱን አስተካከለ። "በጣም ገንቢ አስተያየት ነው" አለ። "ነገር ግን ሐውልት ጥግ ላይ አይቆምም። ጥግ ላይ የሚቆመው ቆሻሻ መጣያ ነው። አርቲስታችን በኮንሰፕቱ ላይ ስጋት ካለው እንረዳዋለን፤ አናስገድድም። አዲስ አበባ በፋይበር የሚሠራ ባለሙያ አለ። የእብነ በረዱም ጽሑፍ ገና አልተቀረጸም።"

ደባልቄ እብነ በረዱን አየው፤ ባዶውን፣ ስም ሳይኖርበት። ቀጥሎ የሌላ ሰው ስም ሲቀረጽበት አየው። ምላሱ ከአእምሮው ቀደመ።

"የለም፣ የለም፣ እኔ እንዲያው ለአስተያየት ያህል ነው።"

ስርጉት ብዕሯን አንስታ "ታዲያ አስተያየቱ ይመዝገብ?" አለች። ከአዳራሹ ሙሉ ሰው ነገሩ የገባት እሷ ሳትሆን አትቀርም።

"ተዪው" አለ ደባልቄ። "አይመዝገብ።"

ሰው ፈሪ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ፈሪ ሁላችንም ነን። ደባልቄ ግን ፍርሃቱን ጀግንነት አልብሶ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ። አያ ባበክር በር ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

"ነገርክ?"

"ነገርኳቸው። ተሟገትኩ። እምቢ አሉ።" እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ግማሽ እውነት ነበር። የሽማግሌው ፊት ሲጠቁር ሲያይ ግን መቋቋም አቃተውና ቀጠለ። "እኔም 'እንግዲያው ስሜን እንዳትጽፉበት! ሥራውን ለልጆቼ እንጀራ ስል እሠራለሁ፤ ስሜ ግን እዚህ ነገር ላይ አይቆምም' አልኳቸው።"

አያ ባበክር ትከሻውን ያዙት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አንተ ሰው ነህ" አሉት። "እነሱ ሰው አይደለም። አንተ ሰው ነህ።"

ብዙወርቅ በመስኮት ሰምታለች። ራት አቅርባ አጠገቡ ተቀመጠችና "እውነት እንደዚያ አልካቸው?" ብላ ጠየቀችው። እሱ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ማቀርቀሩን መተርጎም አያቅታትም። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ" ብላ ሳህኑን አነሳችና ወጣች። እሱም ቁራሹን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ።

ሥራው አራት ወር ፈጀ። የሚያናድደው ነገር ሐውልቱ ማማሩ ነው። ደባልቄ በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ውሻነት የለበትም። ጉንጩ አየር እንደሞላ ያስታውቃል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ መለከቱን ያቀፈው እጅ እንደ እውነተኛ እጅ ደም ያለበት ይመስላል። ሰው እየመጣ ቆሞ ያየው ጀመር። ሂርጳ ሳይቀር ከሆቴሉ ድረስ መጥቶ አይቶ፣ "ይኼን ችሎታ ያኔ የት ደብቀኸው ነበር?" አለው። ደባልቄ ሳቀ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በሰው መሐል ሳቀ። አያ ባበክርም አንድ ቀን መጥተው ዞረው አዩትና "እጁ ጥሩ ነው" ብለው ሄዱ። ደባልቄ የዚያን ቀን ከሰዓት ምንም አልሠራም።

የምርቃቱ ቀን ድንኳን ተጣለ፤ የድምፅ ማጉያ ተተከለ፤ እንግዶች ከሩቅ መጡ። እዩኤል አርባ ደቂቃ ተናገረ፤ "ሕዝባዊ ጥበብ" የሚለውን ቃል የቆጠረ ሰው ሠላሳ አንድ ጊዜ ብሏል ይላል። ነጋዴው ግጥም አነበበ፤ ግጥሙ ማለቂያ አልነበረውም። እብነ በረዱን የሸፈነው ጨርቅ ተነሳ። ከላይ፣ በትልቁ፣ በወርቃማ ቀለም፦ "አርቲስት ደባልቄ"። ደባልቄ አየው። ይህን ቀን ሲጠብቅ ስንት ዓመት ኖሮ፣ አሁን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አያ ባበክር አማርኛ አያነቡም። የሚያነቡት አረብኛ ነው። ተመስገን አለ። ለዚህ ነው ተመስገን ያለው።

ከዚያ "አሁን ባህላዊ ቡድናችን ሐውልቱን እየዞረ ያስደስተናል" ተባለ።

አሥራ ሁለቱ ነፊዎች ነጫጭ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። አያ ባበክር ከፊት ናቸው። ክቡን ሠሩ፤ መሐላቸው ግን ግንብ ቆሟል። አለቃው የመጀመሪያውን ድምፅ ነፉ። ሁለተኛው ተቀበለ፣ ሦስተኛው ተቀበለ። አራተኛው ከሐውልቱ ጀርባ ነበርና ዘገየ። አምስተኛው የአራተኛውን ቦታ ያዘ። ሐሩን ከማዶ የሚያየው ደረት ቢፈልግ ሲሚንቶ አገኘ፤ ባዶ ላይ ነፋ። አንገታቸውን እያሰገጉ፣ በግንቡ ግራና ቀኝ እየተሽሎኮሎኩ ሊተያዩ ሞከሩ። ዜማው ተንገዳገደ፤ ድምፆቹ እርስ በርስ እየተጋጩ፣ አንዱ ሌላውን እየረገጠ፣ መጨረሻ ላይ ገበያ እንደገባ መንጋ ተበታተኑ። ዳር ከቆመው የከተማው ሰው መሐል አንዲት አሮጊት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ግን አጨበጨቡ። ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡ። እዩኤል እንግዶቹን ዞሮ እያየ፣ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። አንዱ እንግዳ "ድንቅ ነው፤ ዘመናዊ ስልት ጨምረውበታል" ሲል ደባልቄ በጆሮው ሰማ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ የጥበብ ተሟጋቾች! ጥበብ ፊታቸው ታንቃ ስትሞት እልል የሚሉ።

እንግዶቹ ለምሳ ወደ ሂርጳ ሆቴል ሄዱ። ሜዳው ላይ ነፊዎቹና ደባልቄ ቀሩ። አያ ባበክር መለከታቸውን መሬት ላይ አስተኝተው ወደ እብነ በረዱ መጡ። ፊታቸው ላይ አመድ የተነሰነሰ ይመስላል። ደባልቄ ቀድሞ ተነሳና ጀርባውን ለእብነ በረዱ ሰጥቶ ቆመ።

"ምን ይላል? አንብብልኝ" አሉት።

ዞሮ አነበበ። የመድረኩን ስም አነበበ። የእዩኤልን አነበበ፣ የርእሰ መምህሩን፣ የነጋዴውን፣ የስርጉትን ሳይቀር አነበበ። ከላይ ያለውን፣ ትልቁን፣ ወርቃማውን ዘለለ።

"ያንተስ?"

"የለም" አለ ደባልቄ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ አያ ባበክር፤ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ። "ቃል ጠበቅክ። ሁሉ ሰው ሲሸጥ አንተ አልሸጥክም።" ወደ ነፊዎቹ ዞረው በበርታኛ ጮክ ብለው ተናገሩ። ደባልቄ ቋንቋውን ባይችልም ስሙ ሲጠራ ሰማ፤ ደጋግሞ፣ በክብር ሲጠራ። ነፊዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ እጁን ጨበጡት። አንዱ አቀፈው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰላምታውን ተቀበለ።

መጨረሻ የመጣው ሐሩን ነው፣ አስተማሪው። እጁን ለመጨበጥ ዘርግቶ ሳለ ዓይኑ በደባልቄ ትከሻ ላይ አልፎ እብነ በረዱ ላይ አረፈ። አነበበ። ቀስ ብሎ ድጋሚ አነበበ። ከዚያ ወዲያ ማዶ መለከታቸውን የሚያነሱትን ሽማግሌ አየ፣ ደባልቄን አየ፣ የዘረጋውንም እጅ ሰበሰበ።

"እንኳን ደስ አለህ፣ አርቲስት" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ዙምባራውን ትከሻው ላይ አጋደመና ሌሎቹን ተከትሎ ሄደ።